ከኮርቻው ኋላ የታሰረው ውሃ

ውድ ቦንቱ፣

የምጽፍልሽ ከሞያሌ፣ ከኬንያው ወገን ነው። ለብስክሌቱ የውሃ መያዣ ስንመርጥ «መሪው መሐል አስገጥሚና በስትሮ ጠጪ» ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ነፋስ እንዳይይዘኝ ብዬ ከኮርቻው ኋላ አስገጠምኩት። ትናንት ለትራያትሎን ውድድሩ የመጨረሻ ልምምድ በቦሪ መንገድ ስነዳ ኮረኮንቹ ኮዳዎቹን አራግፏቸው ኖሮ፣ እጄን ወደ ኋላ ስሰድ ባዶ ነው። ሐዋሳ ቢሆን ካገኘሁት ሱቅ ሃይላንድ ገዝቼ እቀጥል ነበር፤ እዚህ ግን ከፀሐይና ከእሾህ በቀር ምንም የለም። ለመመለስ ስሞክር ራሴን ስቼ ወደቅሁ።

ስነቃ ሃዋ የሚባሉ ፍየል አርቢ ከቢጫ ጀሪካናቸው ያጠጡኛል። ከጨረስኩት በኋላ ነው ግልገሎቹ ባዶውን ጀሪካን ሲልሱ ያየሁት።

«የእነሱ ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«ፖሌ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ሰው ይቀድማል» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሐኪሙ ኩላሊትሽ ተጎድቷል፣ ከእንግዲህ ውድድር የሚባል ነገር እርሺው ብሎኛል። ሌላ ምን እንደምሆን አላውቅም፣ ቦንቱ።

ወረቀቱ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። መናኸሪያ ስትቀበዪኝ ምንም አትጠይቂኝ፤ ብስክሌቱን ብቻ ያዢልኝና ወደ ቤት እንሂድ።

ፎዚያ