አባትሽ ስለ ወይንሽ ያለው

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን

የኔ ዓይናማ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ የምድር ቤቱ ደረጃ ብቻ ከጉልበቴ ጋር አልስማማ ብሏል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በርሜል ሳጥብ ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ እዚያው ቆሜ አነበብኩት።

"አባዬ ወይኔን ቀምሶ፣ ደህና ነው፣ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል፣ ማለቱ እውነት ነው ወይ?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። በርሜል ሠሪው በስልክ ሲነግርሽ መሥሪያ ቤትሽ መጸዳጃ ቤት ገብተሽ ከደስታ ብዛት እንዳለቀስሽም ጽፈሻል። አዎ፣ ብሏል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ባቆም ሁላችንም ደስ ብሎን እናድር ነበር። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አንዴ ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ።

ያኔ በለቀማው ሰሞን የፍሬውን ልጣጭ ከጭማቂው ጋር አብዝተሽ አቆየሽው ብሎ የጮኸብሽን ቀን አልረሳሁም። "ይሄ ቆዳ ማልፊያ እንጂ የሰው መጠጥ አይደለም" አለሽ። አንቺም "የሚጠጣው እኮ ዛሬ አይደለም" አልሽውና ሻንጣሽን አንስተሽ ወጣሽ። ቁርጥ እሱን ነሽ፤ እንዲህ ስልሽ እንደምትናደጂ አውቃለሁ፤ እሱም እንዲሁ ነው የሚናደደው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከባድ ጉንፋን ይዞት ነበር። ተሻለው፣ ተነሣ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ግን ያቀረብንለትን ወይን ሁሉ "ደህና ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል" ይል ጀመር። እኔም ሞኟ "እሰይ፣ ዕድሜ አለዘበው" አልኩ። አንድ ጠዋት ወተት ምድጃው ላይ ሲያርር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ሲያነብ ደረስኩ። ሐሳብ ይዞት ነው ብዬ ተውኩት።

ኋላ ላይ አንድ ቀን ወይን ልቀዳለት ወርጄ ተሳሳትኩ። ሻግቶብን በርሜል ሠሪው እንዲወስደው በሩ አጠገብ ያስጠጋሁት በርሜል ነበር፤ ሐሳቤ ሌላ ጋ ሆኖ ከእሱ ቀድቼ ሰጠሁት። አባትሽ እንደ ወትሮው ብርጭቆውን አሽከረከረ፣ አፍንጫውን ከተተበት፣ በአፉ አንከባለለው፣ ባልዲው ውስጥ ተፋና "ደህና ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል" አለኝ። ብርጭቆውን ላለቀልቅ ስወስደው ነው ሽታው የመታኝ፤ አልጋ ሥር ተረስቶ የከረመ እርጥብ ጨርቅ ነው የሚሸተው። በሽቶ ሳሙና ታጥቤ ከገባሁ ገና ከደረጃው አናት የሚያባርረኝ ሰውዬ ይሄ አልሸተተውም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ብርጭቆውን አጥቤ ቦታው መለስኩት።

ምላሱ ደህና ነው። አፍ ማድረቁን፣ ጥርስ ማሻከሩን ያውቃል፤ በዚህ በኩል ደግሞ ያንቺን የሚስተካከል የለም። ከዚያ ጀርባ ያለውን፣ ነገ ምን እንደሚሆን የሚናገረውን ጠረን ግን አያገኘውም። እና ልጄ፣ ያለቀስሽበት ቃል ለሻገተውም በርሜል የተሰጠ ቃል ነው። ይህን ስጽፍልሽ ከፍቶኛል። ግን ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ይሁን ብዬ ነው፤ ካሁን በኋላ መሰማቱ አይቀርማ።

ባለፈው ሐሙስ ነጋዴው መጣ፤ ያ ሲራመድ ሆዱ የሚቀድመው። ያንቺን ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። "እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው። ውሃ ውሃ ከሚለው ወይኔ ጋር ስደባልቀው ሁለቱም ሰው ይሆናሉ። ዛሬውኑ ጫንልኝ" አለ።

"አይሸጥም" አለው አባትሽ።

"ምን አገኘህበት? እስቲ አሽትተህ ንገረኝ" ብሎ ነጋዴው ብርጭቆውን ዘረጋለት።

የአባትሽ ቃል ምን ያህል እንደሚከበር ታውቂያለሽ፤ እሱ ጥሩ ነው ካለ ሳይቀምሱ የሚገዙ አሉ። ያንኑ የለመደውን ብሎ መገላገል ይችል ነበር። እኔም እሱኑ ስጠብቅ ብርጭቆውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ምንም አይሸተኝም" አለ። "አፍንጫዬ ከከዳኝ ቆየ። ስለ ሌላው እንደ ልማዴ ሳወራ ከርሜአለሁ፤ በዚህ ላይ ግን አልቀባጥርም። ይሄን የምታውቀው የሠራችው ናት። እሷ ሳትቀምሰው ከዚህ ቤት አይወጣም።"

ነጋዴው ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ገበያ ሳይደርስ አልቀረም፤ ከሐሙስ ወዲህ ምክር ሊጠይቅ የመጣ ሰው የለም። አባትሽ ወደ እኔ ዞሮ "ታውቂ ነበር?" አለኝ።

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"የሻገተውን ካጠጣሁህ ጀምሮ።"

መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሲበቃው ያንቺን ብርጭቆ አቀበለኝና "በይ አንቺ አሽትተሽ ንገሪኝ" አለኝ። የበሰለ ፍሬ ይሸታል አልኩት። አዲስ የተላገ እንጨትም አለበት አልኩት።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወይን ወይን ይሸታል።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ከእኔ ጋር ኖረሽ ወይን ወይን ይሸታል?"

እውነቱን ነው፤ የእኔ አፍንጫ ለሳሙናና ለሻጋታ የተፈጠረ ነው። ቀምሼዋለሁ ግን። መጀመሪያ እንደ ጥሬ ፍሬ አፌን ጭምድድ አድርጎ ያዘው። ትንሽ ቆይቶ፣ ትቼው ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላ፣ ደስ የሚል ነገር ከጉሮሮዬ መጣ። ሁለት ዓመት ይበቃው ይሁን አምስት እንጃ። ይህን የሚያውቅ ሰው አሁን እዚህ ቤት የለም።

አሁን ይህን ስጽፍ አባትሽ በሩ ላይ ቆሞ "ለልጅቷ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። እንደ መሄድ ብሎ ተመለሰና "የአፍንጫዬን ነገር እንዳትነግሪያት። አዝናልኝ ትመጣለች። ከመጣች ለወይኑ ትምጣ" አለኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ። ስለ አፍንጫው እንግዲህ ምንም አልነገርኩሽም።

የምትናፍቅሽ እናትሽ