በስልኩ አናት ላይ የታየችው አውሮፕላን

ይድረስ ለእህቴ ለናዝራዊት ዕንባቆም፣ ካለሽበት ዱባይ።

ናዝራዊትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ቀስፎ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? እንቅልፍስ ይበቃሻል? አሠሪሽስ እንዴት ናት፤ አሁንም በነጋ በጠባ ትጮሃለች ወይስ ተላመዳችሁ? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? እኛ የቁስቋሟ እመቤት ክብር ይግባትና ደህና ነን። ደብዳቤ ላይ «ከናፍቆትሽ በቀር» ተብሎ ይጻፋል፤ ይጻፍ፣ እኔም ናፍቀሽኛል። ግን እውነቱን ልንገርሽና እኔን የያዘኝ ከናፍቆቱ ይልቅ ቅናት ነው። እንዳትደነግጪ፤ እንዳትስቂብኝም። የምቀናው በአንቺ ነው።

ስልክ እያለ ምነው ወረቀት አማራት እንዳትይ። በስልክማ መቼ ደርሶኝ! በእኔ ስልክ የምትደውዪው የአባባ ሲዘጋብሽ ብቻ ነው፤ የእሳቸው ደግሞ ገና ሲጮህ ያነሱታል፤ የልባቸውን ያህል ያወሩና «እናኑም ሰላም ብላሻለች» ብለው ይዘጉታል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አፌ ሳይላወስ ሰላም ብዬሽ አርፋለሁ። አምሳል ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያ ስትመለስ በእጇ ይህን ልኬልሻለሁ። እዚህ ላይ ማንም አይቀድመኝም፤ እስክጨርስ ዝም ብለሽ አንብቢ።

ነገሩ የመጣው አንቺ በላክሽው ስልክ ነው። የአባባን ዓይን ታውቂዋለሽ፤ እንደ ድሮው አይደለም። ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የሚጻፈውን ያን ረቂቅ የዜማ ምልክት ካዩት ቆይተዋል። ግን ቃሉም ዜማውም በልባቸው ስላለ ተማሪዎቻቸው እንኳ አላወቁባቸውም። ስልክ ደግሞ በልብ አይያዝ ነገር! ከአናቱ የተደረደሩት ባትሪው፣ ኔትወርኩ፣ ሰዓቱ፣ የጤፍ ፍሬ አክለውባቸው ነበር። ስለዚህ «እናኑ! ነይ እስቲ ላይኛውን እይልኝ» ይላሉ። ልብስ እያጠብኩም ቢሆን እጄን በቀሚሴ ጠርጌ እሮጣለሁ። ኔትወርክ አለ ስላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ባትሪው ጎድሏል ስላቸው «ወዲያው ሰኪው፣ ናዝራዊት ብትደውልስ?» ይሉኛል። ዘወር ብዬ ልብሴን ሳልነካ እንደገና መጠራት ነው። ለይምሰል እነጫነጫለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር። የሚፈልጉት የእኔን ዓይን ነበራ።

አንድ እሑድ እኔ ገበያ ውዬ ባትሪው አለቀ። አንቺም ደውለሽ አላገኘሻቸውም። አባባ ቅር ብሏቸው ራት አልበላም አሉ። አንጀቴን በሉኝ፤ በማግስቱ ስልኩን በቦርሳዬ ይዤ ፒያሳ ወረድኩ፣ ሰውአገኝ የሚባል ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ። «እነዚህን ከላይ ያሉትን ለሽማግሌ ዓይን አድርግልኝ» አልኩት። መጀመሪያ ፊደሉን አሳደገው። ፊደሉ የሱቅ ማስታወቂያ አከለ፤ ምልክቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ፊደል ሌላ ማሳያ ሌላ ነው ብሎኝ ሴቲንግ ውስጥ ገባና የማሳያውን መጠን ወደ ቀኝ ገፋ ሲያደርገው ባትሪው ወፈረ፣ የኔትወርኩም ዘንጎች ቁመት አወጡ። ለባትሪው ቁጥር ጨመረበት። እኔም አላረፍኩም፤ እንደነበረ መልሰውና እኔ በእጄ ላሳድገው አልኩት። ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። አባባ በትልቁ የሚያዩትን ነገር የባዳ እጅ እንዲሠራላቸው አልፈለግሁም። ቅናቴ ጠጋኙንም አልማረ!

ልወጣ ስል አንድ ሌላ ነገር አስተማረኝ። ባለፈው ማኅሌተ ጽጌ መሀል ስልኩ ጮሆ ካህናቱ ሁሉ ዞረው አባባን እንዳዩአቸው አጫውቼው ነበር። የደወለችውም ማን እንደነበረች አንቺ ታውቂያለሽ። እሱም ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ይህችን የአውሮፕላን ምልክት ንኪያት፣ ስልኩ መጥራት ያቆማል፤ ሲወጡ ደግመሽ ንኪያት አለኝ። እሺ ብዬ መጣሁ።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩት እንዴት ያለ ደስታ መሰለሽ! «ሰባ ስምንት!» ብለው ጮሁ፤ የባትሪውን ቁጥር ማንበባቸው ነው። ሰዓቱን አነበቡ፣ የኔትወርኩን ዘንጎች አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ናዝራዊቴ የላከችው ስልክ ምንኛ ሸጋ ነው! እያደር ይጠራል» አሉ። አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ ፒያሳ ድረስ ወርጄ ያሳደግሁት አልኳቸው። «እሱስ አዎ፣ አንቺም ተባረኪ» አሉኝ። አንቺም! ምርቃቱ ዋናው ለአንቺ ሄዶ ትርፉ ደረሰኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደግሞ ላይኛውን እይልኝ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ልብሴን አንዴ ጀምሬ እስክጨርስ አጥባለሁ። አንጀቴ ግን ቅጥል ይላል።

ይህ ሁሉ ቀላል ነው፤ ዋናው ኅዳር ቁስቋም ዕለት የሆነው ነው። በዋዜማው አባባ ለማኅሌት ሲገቡ አውሮፕላኗን ነካኋት። በበዓሉ ጠዋት ቅዳሴ ወጥቶ ቤት ሲመለሱ እኔ ለእንግዶች ጠላ ለመጨመር ከወዲህ ወዲያ ስል መልሼ መንካቱን ረሳሁት። ኋላም ለእንግዶቹ የተዋስኩትን ዕቃ ልመልስ ጎረቤት ሄድኩ። ስመለስ ልጄ ጸሎት ከበር ላይ ሮጣ መጥታ «እማ፣ አክስቴ ናዝራዊት ልትመጣ ነው! አያቴና አባቴ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበሏት ሄዱ» አለችኝ።

ደስታውም ቅናቱም አንድ ላይ መጡብኝ፤ አይ ሰው መሆን፣ ቅናቱ ቀደመ። ለአባባ ተነግሮ ለእኔ ሳይነገር! በስልኬ ብደውልልሽ አላነሳሽም። ሥራ ላይ ኖረሻል፤ እኔ ግን መንገድ ላይ ናት ብዬ አመንኩ። ቤት ስገባማ የባሰውን አየሁ። የእማማን ጥልፍ ቀሚስ ከሣጥን አውጥተው ለአንቺ አልጋ ላይ ዘርግተውታል። ያ ቀሚስ ለጸሎት ክርስትና ለአንድ ቀን ልልበሰው ብዬ ለምኜ «የእናትሽ መታሰቢያ ነው፣ አይነካካ» የተባልኩበት ነው። ጎረቤቶችም እልል ሊሉ በር ላይ መሰብሰብ ጀምረዋል። እኔ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የመጣው ሰው ሁሉ የደስታ እንባ ነው ብሎ አጽናናኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ጠበሉ እኔ ሆንኩ።

የአዘዞውን ባሌ ቢያዝን ነው ያጫወተኝ። አባባ ሌሊቱን ቆመው አድረው እንኳ ጋደም አላሉም። ካባቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ባጃጁ ውስጥ «ፈጠን በል ልጄ፣ ቀድማን እንዳትወርድ» እያሉ ደረሱ። ከአዲስ አበባ የመጣው አውሮፕላን አረፈ፣ ሰው ወጣ። የሚወጣውን ሴት ሁሉ ጠጋ ብለው ፊት ፊቷን እያዩ «ናዝራዊት?» ይላሉ። አንዷ እግራቸውን ስማ አለፈች። ሌላ አውሮፕላን አለ ወይ ብለው ጥበቃውን ጠየቁት፤ አለ፣ ወደ ማታ ነው አላቸው። የማታውም መጣ። በሩ ሲዘጋ ቢያዝን እንሂድ አባባ ቢላቸው «ምልክቱ እኮ አለ» ብለው እንቢ አሉት።

ምሽቱን ሲገቡ ማን ነው የነገረዎት አልኳቸው። ስልኩን ዘረጉልኝና ጣታቸውን ከአናቱ ላይ አሳረፉ። ይኸውልሽ፣ በትልቁ፣ ቁልጭ ብላ፣ የኔትወርኩ ዘንግ በነበረበት ቦታ ላይ አውሮፕላኗ! «ከፊደል በላይ ምልክት ያለ ነገር አይጻፍም» አሉኝ። «አንድ ቀን ሳልነግራችሁ ተሳፍሬ እመጣለሁ ብላኝ ነበር። ይኸው ተሳፈረች ይላል። ሰማይ ላይ ስላለች ነው መደወሉንም ያቆመችው።» ወይ ጉዴ! ድጓ ያደረሰ ሰው ምልክት ሲያይ እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል? እኔው አሳድጌ፣ እኔው ነክቼ፣ የሚያዩት አንቺን ሆነ።

እዚያው ነገርኳቸው። አባባ፣ ይህች እንዳይጮህ የነካኋት ናት፤ ናዝራዊት አልተሳፈረችም አልኳቸው። መቋሚያቸውን ጥግ አስደገፉ፣ ካባቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ። ይቅር ይበሉኝ ማለት ሲገባኝ የያዘኝ ነገር አፌ ላይ መጣና «እኔን እንዲህ ጠብቀውኝ ያውቃሉ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ የገባቸውም አይመስልም። «አንቺን ምን ብዬ እጠብቅሻለሁ? አለሽ አይደል?» አሉኝ።

ይህን ቃል ስንት ቀን አመነዠክሁት መሰለሽ። ቢያዝን ጥሩ ነገር ነው ያሉሽ ይላል። ለእሱ ምን አለበት! የሚጠበቅ ሰው የሚሄድ ሰው ነው፤ እኔ የት ሄጄ? አንቺ በዓመት አንድ ጊዜ ሽቶ ትልኪና ስምሽ ከቤቱ አይወርድም። እኔ ጠዋት ማታ እግራቸውን አጥቤ ስሜ የሚጠራው ነገር ሲጠፋቸው ነው። በማግስቱ ደግሞ ምን ቢሉኝ ደስ ይልሻል፤ «ያችን አውሮፕላን የት አደረግሻት? መልሺያት፣ ስትታይ ደስ ትላለች» አሉኝ። እሷ ካለች የናዝራዊት ስልክ አይገባም ብላቸው ነው የተውኝ። ቢያዝን ምልክቱን መልሰሽ አሳንሺው፣ ችግር ነው የሚያመጣው አለኝ። እጄ ሴቲንጉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የሰው ዓይን አልሰርቅም። አንቺን ግን በእመቤታችን ይዤሻለሁ፤ ወይ ቀኑን ቆርጠሽ ንገሪያቸው፣ ወይ «ሳልነግራችሁ እመጣለሁ» የምትይውን ተዪ። ሽማግሌ በዚህ አይቀለድበትም።

ከዚያ ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። የቢያዝን እናት እትዬ ምንዳዬ አምባ ጊዮርጊስ ላይ የሚካኤል ዝክር አለባቸው፤ በዋዜማው ጸሎትን ይዘን ሄድን። ካገባሁ ወዲህ አባባን ብቻቸውን ትቼ ሳድር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ምግባቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጠሁ። ስልኩንም ባትሪውን ሞልቼ፣ የቻርጀሩን ሽቦ ከመደባቸው አጠገብ ሰክቼ ሄድኩ። መንገድ ላይ እስቲ ሳልኖር ይዩት ብዬ በልቤ ዛትኩ። የዝክሩ ማግስት ተመልሰን መናኸሪያ ስንወርድ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። እኔም ሞኝ ነኝ፤ ነጭ ጋቢ የለበሰው ሽማግሌ ሁሉ አባባን እየመሰለኝ። ማንም አልነበረም።

ቤት ስገባ አባባ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩ ጭናቸው ላይ፣ ድርግም ብሎ ጠፍቷል። ሽቦው እጃቸው ሥር ነው። ደሜ ፈላ። ምነው አባባ፣ ያን ያህል አሳድጌውም ምልክቱ አልታይዎ አለ? አልኳቸው። «ታይቶኛል» አሉ፤ «ዐሥር ሲቀረውም አየሁት፣ ሲቀላም አየሁት።» ታዲያ ለምን አልሰኩትም፣ ናዝራዊት ብትደውልስ? አልኩ። ስልኩን አነሱና ሰጡኝ። «አንቺ ትሰኪዋለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ነው እንጂ» አሉኝ።

እንግዲህ ናዝራዊትዬ፣ በሚካኤል ደውለሽ ደውለሽ ስልኩ ዝግ የሆነብሽና በማግስቱ በእኔ ስልክ የጮህሽብኝ ጊዜ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ብዬሽ ነበር። አልጠፋም። አባባ እኔን ሲጠብቁ ነው። እስቲ አንቺም ትንሽ ቅኚ።

ቢያዝን በጣም ሰላም ብሎሻል፤ የምትመጪበትን ቀን ካወቅሽ ባጃጁን አጥቦ እንደሚጠብቅሽ ንገሪያት ብሎኛል። ጸሎት ጉንጭሽን እየሳመች የፀጉር መያዣ ቀዩን ትላለች። እትዬ ምንዳዬ ከአምባ ጊዮርጊስ «ሚካኤል በሰላም ያግባሽ» ብለው መርቀውሻል። አምሳልን ስታገኚያት እንዳትረሺ፣ ወገብሽን የምታሽበት ቅባት በእጇ አለ። አባባም በየማኅሌቱ ስምሽን ያነሱታል፤ በዚህ እንኳ አልቀናም፤ ያንሱልን ብዬ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ። ራስሽን ጠብቂ።

ቀናተኛዋ እህትሽ፣
እናኑ ዕንባቆም

ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር ፲፰ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.