እኔ በማስተምርበት ክፍል

የኔ ዓለም፣ ያለሽበት አገር ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

ነገሩ የተበላሸው ርዕሰ መምህሩ ለትምህርት ቤታችን ማሻሻያ የተሰጠውን ሽልማት ሲቀበሉ ነው። ሽልማቱን ያስገኘውን ማመልከቻ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብለው መድረክ ላይ ማንበብ ጀመሩ። ሁለት ወር ሙሉ የለፋሁበትን፣ አንቺ ስትደውዪ እንኳ «ቆይ አንዴ» እያልኩሽ የጻፍኩትን ነው። አንዲት ቃል ሳይቀይሩ፣ «እኔ በማስተምርበት አራተኛ ክፍል ዝናብ ሲጥል ደብተራችንን በጉያችን እንሸሽጋለን» ሲሉ፣ ከፊት የተቀመጠች ተማሪዬ ብድግ ብላ፣ «እንዴ! እርስዎ መቼ አስተማሩን? ቲቸር ናት እኮ!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

በማግስቱ መምህራን ክፍል መጥተው፣ «እህቴ፣ ያንቺ የኔ ምን አመጣው? አንድ ቤተሰብ ነን። የሚቀጥለውን ዙር ድጋፍ ማመልከቻም አንቺው ጻፊልኝ» አሉኝ።

«እጽፋለሁ፤ ግን ስሜ ከላይ ይሁን» አልኳቸው።

«ተይ፣ ሥራሽን ብትወጂው ይሻልሻል» ብለውኝ ወጡ።

አይዞሽ፣ አትጨነቂ። የሚያፈሰው የክፍላችን ጣሪያ መታደስ ጀምሯል፤ ለልጆቹ ደስ ብሎኛል። የላክሽልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። አንቺ ግን ምሳሽን ሳትበዪ አትዋዪ። አክስትሽን ሳሚልኝ። አደራሽን፣ የቡድን ሥራ ስታስረክቡ ስምሽ መጻፉን እዪ። የልፋትሽን ፍሬ በገዛ እጅሽ ያስይዝሽ።

እኔም ከእንግዲህ የጻፍኩትን ሌላ ሰው በስሙ እንዲያቀርበው አልፈቅድም፤ ከሥራዬም ቢያባርሩኝ።

እናትሽ