ፍሪጁ መሞቱን በመናገሬ ከዝምታው ስለመባረሬ

ለጽሞና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት
ቀን፦ ሐሙስ፣ ከተባረርኩ በአራተኛው ቀን

ጉዳዩ፦ የቀሩኝን ሦስት ቀናት ዝም እንድል እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች የፍሪጅ ጥገና ባለሙያ ስሆን፣ በማዕከልዎ ለአሥር ቀን የዝምታ ቆይታ ተመዝግቤ በ31 ቁጥር ትራስ ላይ ሰባት ቀን ተቀምጫለሁ። በሰባተኛው ቀን «ዝምታን በማፍረስና አርባ ሰልጣኞችን ለሳቅ በመዳረግ» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቶኝ ተሰናብቻለሁ። ማፍረሱን አልክድም። ሳቁ ግን የእኔ ብቻ ጥፋት ስላልሆነ ነገሩን ከሥሩ እንዲያዩልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

1. ጆሮዬ ጤና የለውም። ሰው ሲያኝክ፣ ሻይ ፉት ሲል፣ እስክሪብቶ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ደሜ ይፈላል። ሥራ ላይ ይኸው ጆሮ ያበላኛል፤ ደንበኛ በር ላይ ቆሜ ሞተሩ ምን እንደነካው እናገራለሁ። ቤት ውስጥ ግን ከሰው ለይቶኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ እራቴን የምበላው መኝታ ቤት፣ በሩን ዘግቼ ነው። ባለፈው ወር የዘጠኝ ዓመት ልጄ በሩን ከፍታ፣ «አባዬ፣ የምትጠላው እኔን ነው ወይስ አበላሌን?» አለችኝ። አበላልሽን አልኳት። እውነቴን ነበር። ፊቷን ካየሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በማግሥቱ መጥቼ ተመዘገብኩ።

2. ጸጥ ያለ ቦታ ሄጄ ጆሮዬን ላሳርፍ ብዬ ነበር። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይፍረዱኝ፤ አርባ ሰው ዝም ሲል ምን እንደሚሰማ ያውቃሉ? ወሬ ሲጠፋ ሆድ መናገር ይጀምራል። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጉልበቱን ባጠፈ ቁጥር ቋ ይላል። በ32 ቁጥር ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ በአፍንጫቸው ያፏጫሉ። ስማቸውን መጠየቅ ክልክል ስለሆነ በልቤ «ፉጨት» አልኳቸው፤ አምስት ቀንም በልቤ ሰደብኳቸው። በስድስተኛው ቀን ፉጨታቸውን ሳልሰድብ ሰማሁት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ሳይናደዱም መስማት ይቻላል ለካ ብዬ ልቤ በደስታ መታ።

3. መዘዙ የመጣው ከወጥ ቤት ነው። ከአዳራሹ ግድግዳ ጀርባ ያለው ትልቁ ፍሪጅ ሞተሩ ይነሳል፣ ያቃስታል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ይህ የሚያናድደኝ ድምፅ ሳይሆን ሙያዬ ነው። በደንባችሁ መሠረት ጥያቄ ያለው ሰው ጽፎ በር ላይ ካለው ሣጥን ይከታል፤ የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ከምሳ በኋላ መልሱን ትራሱ ላይ ያኖሩለታል። እኔም «ፍሪጁ ሊሞት ነው፤ ፈቃድዎ ከሆነ ልየው» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ «ድምፁን ይታዘቡት። ይመጣል፣ ይሄዳል» የሚል ነበር። ሦስት ቀን ጻፍኩ፤ ሦስት ቀን ያው መልስ መጣ። አልፈርድባቸውም። የጆሮዬን ነገር ከመመዝገቢያው ቅጽ ስላነበቡ፣ ስለ ፍሪጁ ስጽፍ ስለ ራሴ የማለቅስ መስሏቸዋል።

4. በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ሁላችንም ዐይናችንን እንደጨፈንን፣ ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ጸጥ አለ። ጠበቅኩ፤ አልተነሳም። ውስጡ ያለው የአርባ ሰው የሦስት ቀን ምግብ ነው። አፌ ቀደመኝና «ሄደ» አልኩ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ተቆጣጣሪም ሳያስቡት «ማን?» አሉ። «ፍሪጁ» አልኳቸው። መጀመሪያ የሳቁት ፉጨት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። እንግዲህ ዝምታ በማፍረስ ከተጠየቅን ሁለት ነን፤ የተባረርኩት ግን ብቻዬን ነኝ።

5. ይህን ያህል የምለምነው ለክብሬ ብዬ አይደለም። ቤት እንደገባሁ ባለቤቴ ቶሎ ዳንክ እንዴ ብላ አሾፈችብኝ፤ እኔም እልህ ይዞኝ ማታ ገበታው ላይ ተቀመጥኩ። የቀረበው የተጠበሰ ዳቦ ነበር። ልጄ አንድ ቁራሽ አነሳች፣ ውሃ ብርጭቆዋ ውስጥ ነከረችው፣ እስኪለሰልስ ጠበቀችና ዐይን ዐይኔን እያየች በላችው። ምንም ድምፅ አልነበረውም። «አልተሰማህም አይደል አባዬ?» አለችኝ። ባለቤቴ ቆይታ እንደነገረችኝ፣ እኔ እናንተ ዘንድ በነበርኩበት ሰባት ቀን ሁሉ ልጄ ይህን ስትለማመድ ነበር። አፈርኩ። እንዲህ ያለ ኀፍረት በዕድሜዬ አላውቅም።

ስለሆነም፣ ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ሰልጣኞች ፊት ለፊት ተቀምጠው አብረው መብላትን የሚለማመዱ መሆኑን ከፕሮግራሙ ስላነበብኩ፣ በሚቀጥለው ዙር እነዚህን ሦስት ቀናት እንድጨርስ እንዲፈቀድልኝ፤ ፉጨት ተመልሰው የሚመጡ ከሆነም ከፊታቸው እንድቀመጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፍሪጁን አፌን ዘግቼ እጠግነዋለሁ። ልጄ ዳቦዋን ደረቁን መብላት አለባት፤ እኔም ከአጠገቧ ሳልነሳ ልሰማት እፈልጋለሁ።

ድምፅ ከሌለው ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የ31 ቁጥር ትራስ ተቀማጭ የነበረው ፍሪጅ ጠጋኝ

አባሪ፦ ሦስት ብጫቂ ወረቀቶች ከነመልሳቸው

ግልባጭ፦
ለልጄ፣ እንድታውቀው