ሸክላው የሚዘልበት ቦታ

ለእህቴ፣ በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግኩሽ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? መምህሩ ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ አሮጊቷ አክስታችን እንዴት ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ሠላሳ ዓመት ጎንብሼ ወለል ስወለውል አብሮኝ ስለኖረ ከዘመድ ቆጥሬዋለሁ፤ ከአንዳንድ ዘመድም ይሻላል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ይህንን ያነበብኩት ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ፣ በስልሳ ዓመቴ ነው፤ እስከዚያ የሚያነብልኝ የጭፈራ ቤታችን ዘበኛ ነበር። ለካ ሰውዬው ደግ ኖሯል! ክፉ ክፉውን እየተወ «ናፍቀሽናል ትላለች» ይለኝ ነበር። አሁን ግን አንዱም ሳይቀርልኝ አነበብኩት። ስለ ልጅሽ ሰርግ ስትጽፊ «ጭፈራ ቤት የምትሠራ አክስት ሙሽራዋ አጠገብ አትቆምም ብሏል ባለቤቴ፤ ወይ ሥራውን ተዪ፣ ወይ ሰርጉን ተዪ» ትያለሽ።

እሺ፣ እንግዲያው ስለ ጭፈራ ቤቱ ልንገርሽ።

እዚህ አንድ ሸክላ አለ። ሃውስ የሚሉት ዓይነት ሙዚቃ ነው። ከበሮው እንደ ሙቀጫ ሳያርፍ ይወቅጣል፤ በላዩ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ደጋግማ ትላለች። ምን እንደምትል ጠይቄ አላውቅም፤ ድምጿ ግን «እዚሁ ነኝ፣ የት አባታችሁ ትወስዱኛላችሁ» የምትል ይመስለኛል።

በተቀጠርኩ በሳምንቴ ሸክላው አቧራ ጠጥቶ አየሁትና ድስት በምፈገፍግበት ሽቦ ፈተግኩት። በእናታችን ቤት የጠቆረ ነገር ሁሉ ሲፈተግ ይነጣ አልነበር? ይኸኛው ተጫረ እንጂ አልነጣም። ሲያጫውቱት ሴትዮዋ መሃል ላይ ስትደርስ እንቅ ብላ ዘለለች። አለቀልኝ ብዬ ዕቃ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ሰዉ ግን እሷ የዘለለችበት ቦታ ላይ አብሯት ዘለለና ሳቀ። በሌላ ጊዜ ቦታውን ጠብቆ ዘለለ። ያኔ የዘለሉት ዛሬ ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ፤ ልጆቹም ቦታውን አብጠርጥረው ያውቁታል። ማን እንደጫረው ግን እስካለፈው እሑድ ድረስ ለሰው ትንፍሽ አላልኩም።

እሑድ ከሰዓት ጭፈራ ቤቱ የተከፈተበት ልደት ይከበር ነበር። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ «ይህ አሮጌ ሸክላ ያሳፍረናል» ብሎ ጠዋቱን ቆሻሻ ውስጥ ጥሎት ዘፈኑን ከኮምፒውተር አስከፈተ፤ ጭረት የሌለበትን። ቦታው ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ ዘለለ። ሴትዮዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች! ሰዉ ከምቱ ወጥቶ እርስ በርሱ ተላተመ፤ አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ ጓደኛው ላይ ወደቀ። «ምን አደረጋችሁት? የኛን መልሱልን!» ብለው ጮኹ፤ ገሚሱም ሄዶ ተቀመጠ።

እኔ ሸክላውን ከቆሻሻው አውጥቼ በሽርጤ ጠቅልዬ ደብቄው ነበር። መወልወያዬንና ሸክላውን ይዤ ወደ ዲጄው ወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ «እማማ፣ አንቺ ወለልሽን ያዢ፣ ሙዚቃውን ለኛ ተዪ» አለኝ።

«ልጄ፣ ይህን ሙዚቃ አንተ ዳዴ ስትል የጫርኩት እኔ ነኝ። ዞር በል» አልኩት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዲጄው እየሳቀ ሸክላውን ተቀብሎኝ ከፈተው። ሴትዮዋ ዘለለች፣ ሰዉ ዘለለ፣ የወለወልኩት ወለል ተንቀጠቀጠ። እኔም በዚህ ወገቤ ዘለልኩ። ሥራ አስኪያጁም እግሩ ሲነሳ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ይክድ እንደሆነ እንጃ።

እህቴ፣ በዚያ ጭረት ሠላሳ ዓመት ስሸማቀቅ ኖርኩ፤ ሰዉ የሚወደው ግን እሱኑ ነበር። ከእንግዲህ ማፈር አልቆብኛል። የተማርሽበት ደብተር ከዚሁ ወለል የተገኘ ነው፤ ያኔ አልሸተተሽም። ሥራዬን አልተውም። ሰርጉም አይቀርብኝም። ደብዳቤሽን ለዘበኛው ሳነብለት «ሰርጉን ተዪ የምትለዋን ቦታ እኔ ብሆን አላነብልሽም ነበር» አለኝ። እንኳን አነበብኳት።

ለመምህሩ ባልሽ ሰላም በዪልኝ፤ ወንበሬን ከፊት ያድርገው። ሙሽራዋን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ አጠገብሽ ትቆማለች በያት። ታላቁ ልጅሽ የሸክላ ማጫወቻ ከየትም ብሎ ይፈልግ፤ ሸክላውን ይዤ ነው የምመጣው። የአክስታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። አንቺም ደህና ሁኚልኝ፤ ቦታው ሲደርስ እግርሽ ቢነሳ ግን እኔን እንዳትወቅሺ።

ታላቅሽ

ከጭፈራ ቤቱ ዕቃ ክፍል፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሰኔ ፲፩ ቀን