ሳልሞት የተጠራው ዕዳዬ

ጥቅምት 4፣ ቡታጅራ

ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሞቅኩ። ጎረቤቴን ከድጄን በአጥር በኩል፣ "ትናንት ሲያንኮራፋ ያደረው ባልሽ ነው ወይስ ትራክተር ገዛችሁ?" አልኳት። ሰደበችኝ። ቆየት ብላ ጎመን ክትፎ ላከችልኝ። ያለ ስድብ ምግቧም አይጥመኝ።

ከሰዓት ልጆቼ ደወሉ። አብዱልሃፊዝ ከደቡብ አፍሪካ፣ ባሂራ ከጅዳ፣ ሁለቱም በአንድ የቪዲዮ ጥሪ። እኔ እያየኋቸው ስለ ቤቴ ይነጋገራሉ።

"ከዚያ በኋላ ተሽጦ እንካፈላለን" ይላል አብዱልሃፊዝ።

"ከምን በኋላ?" አልኩት።

"ያው... በኋላ ነዋ፣ አባ።"

ዛህራ፣ ባሏ ከሞተባት ወዲህ አብራኝ የምትኖረው ልጄ፣ ሻዬን አስቀምጣ ወጣች። ቤቱ ከተሸጠ እሷ የት ልትገባ ነው? ማንም አልጠየቀ...

ጥቅምት 7

የሰፈራችንን ሰው ሸምሱን ቀበርን። አላህ ይዘንለት። ከሶላቱ በፊት ሼህ ኢስሀቅ እንደ ልማዱ፣ "ከሟች ላይ የሚፈልገው ነገር ያለው ካለ ይናገር! ዕዳውን የሚረከብ ወራሽ ማነው?" አለ። ወራሹ ዱባይ ነው። ስልኩን ወደ ላይ ያዙለት። "እኔ እረከባ..." ብሎ ጠፋ። ኔትወርክ። ጀናዛው መሬት ላይ፣ እኛ ቆመን። እንደገና ተደወለ። "እኔ እረ..." በስንት መከራ ተሳካ። ሸምሱ በሕይወቱም የትም በሰዓቱ ደርሶ አያውቅ።

ስንመለስ ሼሁን ያዝኩት። አብሮ አደጌ ስለሆነ አላፍረውም።

"ቤቱን ለዛህራ ብናዘዝላትስ?"

"ለወራሽ ኑዛዜ የለም፣ ሌሎቹ ካልፈቀዱ።"

"ዕዳ ቢኖርብኝስ?"

"ዕዳማ ከውርስ ይቀድማል። አለብህ እንዴ?"

አለብኝ እንጂ! በታመምኩ ጊዜ በመንገድ በኩል ያሉትን ክፍሎች ዛህራ የሠራችው ባሏ በሠርጓ የሰጣትን የመህር ወርቋን ሸጣ ነው። ኪራዩም ለመድኃኒቴ ዋለ። አገሩ ግን በእኔ ስም የሰይዶ ቤት ይላል።

ጥቅምት 9

አንድ ተንኮል መጣልኝ። ሲሞቱ የሚጠራውን ዕዳ በቁሜ ባስጠራውስ? ሼሁን አማከርኩት።

"አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምታድገው?" አለኝ። ግን ሳቀ። የሳቀ ሼህ እሺ ያለ ሼህ ነው።

ጥቅምት 11

ጉድ ነው የዋልነው! አሁንም እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ልጆቹን ደወልንላቸው። ሼሁ ግቢው መሃል ቆሞ በዚያ በቀብር ድምፁ፣ "ከሰይዶ ላይ የሚፈልገው ነገር ያለው ካለ ይናገር!" አለ። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ወንበር ላይ ነኝ። የአብዱልሃፊዝ ትንሹ ልጅ በስልኩ ብቅ ብሎ፣ "አያቴ ቁጭ ብሎ ነው የሞተው?" አይልም መሰላችሁ!

"የዛህራ ወርቅ አለብኝ" አልኩ ራሴ ሟቹ። "ያንን ይዛችሁ ነው ቤቱን የምትካፈሉት?"

አብዱልሃፊዝ ፊቱ ተለዋወጠ። "ሼህ፣ ይሄ እንግዲህ... ከዚህ ካለው ሱቄ ሊከፈል ነው?"

"ወራሽ ከኪሱ አይገደድም። ሟች ከተወው ንብረት ይከፈላል።"

"አልሐምዱሊላህ!"

"ንብረቱ ደግሞ ቤቱ ነው።"

ምስጋናው አፉ ላይ ደረቀ።

ዛህራ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። "አባ! ማን ጠየቀህ? እኔ ጠይቄሃለሁ?" ተቆጣች፣ አለቀሰች... የትኛው እንደቀደመ እንጃ። ባሂራ ግን፣ "ያን ወርቅ እጇ ላይ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ስመጣ ባዶ እጇን አይቼ... የት ሄደ እንኳ አላልኳትም" አለች።

ይሄኔ በሩ ተበረገደ። ለካ ከድጄ የሼሁን ጥሪ በአጥር ሰምታ ለእድሩ አርድታለች! ወንዶቹ ድንኳን ተሸክመው፣ ሴቶቹ እያነቡ። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ "ኑ፣ ግቡ" አልኩ። ከድጄ ጮኸች። ድንኳኑ መሬት ወደቀ። አንዱ ከኋላ፣ "ዕዳ ከተጠራ አይቀር፣ ያ አካፋዬስ?" አለ።

ሁሉም ሲስቅ አብዱልሃፊዝም ሳቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ቤቱ የዛህራ ይሁን። ስመጣ የማርፍበት ክፍል አትንፈጉኝ" አለ።

"እኔ ደግሞ ቆጮ ትላክልኝ፣ ሌላ አልፈልግም" አለች ባሂራ።

ሼሁ ለቀስተኛውን በሙሉ ምስክር አደረገው። ይህን ያህል ምስክር ያገኘ ሟች የለም።

ኅዳር 6

የልጆቹ ውክልና መጣ። ዛሬ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ቤቱን በስጦታ ወደ ዛህራ ስም አዞርነው። እፎይ።

ተመልሰን ልገባ ስል ዛህራ በሩ ላይ ቆመች።

"ጫማህን አውልቅ፣ አባ።"

እኔን? ይህን ሁሉ ዓመት ጭቃዬን ዝም ብላ ስትጠርግ የኖረች ልጅ?

"ደግሞ ቤቴ ውስጥ የሞት ልምምድ የለም።"

"እውነተኛውስ?"

"እሱንም መጀመሪያ ታስፈቅደኛለህ።"

ጫማዬን አወለቅኩ።