የቁርስ ቀኖና

ይድረስ ለልጄ ለሰብለ፣ አሶሳ።

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? ያ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወባውስ ዘንድሮ ረገብ ብሎላችኋል? ባለቤትሽ ጌታነህ ጤናውን እንዴት ነው? የልጅ ልጄ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና በድዷ ነው የምትስቀው? አንቺስ የሰው እናት ስታዋልጂ ውለሽ የራስሽን እህል በሰዓቱ ትቀምሻለሽ? ይህን የመጨረሻውን በፊት ጠይቄሽ አላውቅም። አሁን ግን ሰው ባገኘሁ ቁጥር አስቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው እሱ ሆኗል።

እንደ ወጉ «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በሕይወት አለን፣ ስሙ ይመስገን። እናትሽ ዓለምጸሐይ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ከሥራ አልቀረችም። ዝናቡ ገብቶ የገብሱ እርሻ ተጀምሯል። እኔ ደክሞኛል። እርጅና ነው ብዬ ነበር፤ እርጅና አይደለም። ስልክ ያልደወልኩልሽ ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ ብቻ አይምሰልሽ። ይህን ነገር ጀምሬው መሐል ላይ ቢቋረጥብኝ፣ እንደገና የምጀምርበት ድፍረት አላገኝም ብዬ ነው። ጎረቤታችን ታፈረ ወደ እናንተ አገር ለሥራ ስለሚመጣ ደብዳቤውን በእጁ ሰድጄልሻለሁ።

ለጥምቀት የመጣሽ ጊዜ የታናሽሽን የቅድስትን ክንድ በሁለት ጣትሽ ይዘሽ፣ «አባባ፣ ይቺ ልጅ ታማለች፤ ሐኪም ይያት» አልሽኝ። እኔ የመለስኩልሽን እንደማትረሺው አውቃለሁ። «አዋላጅነት ተምረሽ መጥተሽ ጾምን በሽታ ነው ልትዪኝ ነው?» አልኩሽ፤ ያውም እንግዳ ፊት። አንቺ ነጠላሽን አንሥተሽ ወጣሽ። በማግሥቱም መስቀል ሳትሳለሚ ሄድሽ። እኔም ልጅ ተቀየመችኝ አልኩ እንጂ ልጅ አስቀየምኩ አላልኩም።

ጥፋቴ ግን ከዚያም በፊት ነው የጀመረው። ቅድስት ረቡዕና ዓርብ አልበቃት ብሎ፣ ሰው ሁሉ «የቄስ ጾም ነው» ብሎ ለእኛ የተወልንን የሰኔን ጾም እንኳ ስትጾም ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ እሷን ምሳሌ አድርጌ ሰብኬአለሁ። እናቶች ልጆቻቸውን እያመጡ «እስቲ እጅሽን አሳርፊበት» ሲሏት ዝም ብዬ አይቻለሁ፤ ዝም ማለት ብቻ አይደለም፣ ደስ ብሎኛል። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

የደብረ ዘይት እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆማ ሳለ ወደቀች። ቀዳሹ እኔ ነበርኩ። የሴቶቹን ጩኸት መቅደስ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ፤ ስሟንም ሲጠሩ ሰማሁ፤ ትቼ መውጣት ግን አልችልም። ያን ቀን ቅዳሴውን እንዴት እንደፈጸምኩት አላውቅም። ስወጣ ቅድስት ደራርባ የለበሰቻቸውን ሦስት ሹራቦች እናትሽ አውልቃላት የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። አንቺ በሁለት ጣት ያወቅሽውን እኔ ያን ጊዜ አየሁት። በቃሬዛ እስከ መኪናው፣ ከዚያም በንፋስ መውጫ አድርገን ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አደረስናት።

እናትሽ ብዙ በሶ በጥብጣ ልታጠጣት ስትል ሐኪሟ ዶክተር አዜብ ከለከለቻት። ብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንዴ ከጠገበ ልብ ሊያቆም ይችላል፣ በማንኪያ ነው የምንጀምረው አለች። አንቺ ይህን ታውቂዋለሽ፤ እኛ ግን ልጃችንን ለማዳን ቸኩለን ልንገድላት ነበር። ስትመዘንም ቁጥሩን እንዳታይ ጀርባዋን ለሚዛኑ ሰጥታ ነው።

ውሎ ሲያድር ለሐኪሟ እንደነገረቻት፣ ነገሩ ከጾም አልተነሣም። ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይታ ስትማር አንዷ ጓደኛዋ በስልክ የተነሡትን ፎቶ እያየች፣ «አንቺንማ የተዝካር እንጀራ አወፈረሽ» ብላ ስቃባታለች። የቄስ ልጅ አይደለች! ከዚያ ወዲህ ምሳዋን ለውሻ መስጠት ጀመረች። ጾሙ ኋላ የመጣ መሸፈኛ ነው። የቄስ ልጅ «ጾም ላይ ነኝ» ስትል ማን ይመረምራታል?

እዚያው ሐኪሟ ዘንድ የሚመላለስ መሐሪ የሚባል፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የመጣ መምህር ነበር። እሱን የያዘው በስልክ ላይ የሚደረግ የኳስ ውርርድ ነው። ይህ ደግሞ በሽታ ተብሎ ሊታከም ነው ብዬ መጀመሪያ ፊቴን አዙሬበት ነበር። ሐኪሟ ስልኩን አስቀይራ ባለ ቁልፍ ስልክ አስያዘችው፤ ኳስ በሚታይበት ቤት ደጃፍ እንኳ እንዳያልፍ፣ ጨርሶ እንዲርቅ አዘዘችው። ቅድስትን ግን በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ማዕድ ቅረቢ ትላታለች። አንድ ቀን፣ «ለአንዱ ራቅ፣ ለአንዷ ቅረቢ፤ ሕጋችሁ ስንት ነው?» አልኳት። ሳቀች። «አባ፣ ሰው ሳይወራረድ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል፤ ሳይበላ ግን አይኖርም። እሷ የምትፈራውን ሸሽታ አትድንም» አለችኝ። ደግሞም እሱ ታመምኩ ብሎ በገዛ እግሩ መጥቷል፤ ልጅዎ ግን በቃሬዛ መጥታም መታመሟን አታምንም፤ ስለዚህ አያያዛቸው አንድ አይሆንም አለች።

መሐሪ ሁሉን ይሰማ ኖሯል። በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «አባ፣ እኔን ሰው እየሰደበ ሐኪም ቤት አደረሰኝ፤ ልጅዎን ግን እያመሰገነ ሊቀብራት ነበር» አለኝ። ከአመስጋኞቹ ፊተኛው እኔ ነኝ።

የነፍስ አባታችን አባ እንድርያስ እስከ ደብረ ታቦር መጡልን። ለታመመ ሰው ጾም እንደሌለበት ነግረው ቅድስትን እንድትገድፍ አዘዟት። እሷ ግን «አባባ ሳይበሉ እኔ አልበላም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ተከትያቸው ወጥቼ፣ በልጄ ጾም መመካቴን፣ አንቺንም ሰው ፊት ማዋረዴን ተናዘዝኩ። ሱባኤ ይሰጡኛል፣ ስግደት ያበዙብኛል ብዬ ጉልበቴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ገብረ ኢየሱስ፣ ጾም ላንተ ምን ቀኖና ነው? ለምደኸዋል። ያንተ ቀኖና መብላት ነው። ልጅህ እስክትድን በየጠዋቱ ከእሷ ጋር ቁርስ ትበላለህ፤ እስከዚያ አትቀድስም» አሉኝ። የተሳሳቱ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኋቸው። ደግመው ያንኑ አሉኝ።

እንግዲህ አስቢው ሰብለ። በዐቢይ ጾም፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ እኔ ቄሱ እንጀራ በሽሮ ቆርሼ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አልወርድ አለኝ። ቅድስት ትክ ብላ ታየኛለች። የእሷ ጉሮሮ በየቀኑ ምን ሲያደርጋት እንደኖረ ትንሽ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንባዬ መጣ፤ እሷም አለቀሰች፤ ግን ሁለት ጊዜ ጎረሰች።

ከትንሣኤ በኋላ ወደ ቤታችን ተመለስን። አሁን ያው የቄሱ ጾም፣ የሰኔው ነው፤ እኔም ያው እበላለሁ። ቁርሴን በልቼ እሄድና እንደበላ ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ሠላሳ ዓመት ከገባሁበት መቅደስ ቄስ ዘመኑ በእኔ ተራ ገብቶ ሲቀድስ ድምፁን ከውጭ እሰማለሁ። ሰው «ቄሱ ምን አጥፍተው ነው?» ይላል። ሐሜቱን ለምጄዋለሁ፤ ድካሙን ግን አልለመድኩትም። ለግማሽ እንጀራ አንድ ሰዓት እንቀመጣለን። ከበላች በኋላም ብቻዋን እንዳትሆን አብረናት እንቆያለን። ባለፈው ሳምንት ቁራሹን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ አገኘኋት። እጄ ተነሥቶ ነበር። ቁጣ የሚቀልበው በሽታውን ነው ያለችኝ ሐኪሟ ትዝ ብላኝ መለስኩት፤ ሌላ ቁራሽ አቅርቤም አብሬያት በላሁ። መሐሪም በግንቦት እንደገና ተወራርዶ እንደገና ወደ ሐኪሟ መሄዱን በዚያች ባለ ቁልፍ ስልኩ ደውሎ ነግሮኛል። ዳንኩ ብሎ ነገር በአንድ ጊዜ አይመጣም ማለት ነው። ቅድስትም አልዳነችም፤ እንዳትታለዪ። ግን በሕይወት አለች።

ዛሬ ጠዋት ታክቶኝ የቀረውን ትቼ እጄን ልታጠብ ስነሣ፣ «አባባ፣ አልጨረሱም እኮ፤ ቀኖና ይጓደላል እንዴ?» አለችኝና ሳቀች። ተመልሼ ተቀመጥኩና ጨረስኩ። እሷም የራሷን ጨረሰች።

ልጄ፣ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ መካሪዬ አንቺ ነበርሽ፣ መከራውን ግን ቅድስት ተቀበለችልኝ። ስንቱን ያናዘዝኩ ሰው ነኝ፤ ለገዛ ልጅ ይቅርታ ማለት እንዲህ እንደሚከብድ ግን አላውቅም ነበር። ይቅር በይኝ። ቅድስት ስላንቺ ስታነሣ፣ «ሰው ሁሉ እጄን ስሞ ነው የሄደው፤ ክንዴን የያዘችው ሰብለ ብቻ ናት» ትላለች።

ጌታነህን በጣም አድርገሽ ሰላም በዪልኝ። የልጅ ልጄን ግንባሯን ሳሚልኝ። አንቺን እንደ ልጇ የምታይሽን አከራይሽን ወይዘሮ አበራሽን እግዜር ያክብርልኝ በያት። እናትሽ በሶ ሰድዳልሻለች፤ ታፈረ መንገድ ላይ ካልጨረሰው ይደርስሻል። ቅድስትን በጣም ናፍቀሻታል። ፈቃድ ሲሰጡሽ ነይ። ከመሸ ንፋስ መውጫ እደሪና በጠዋት ግቢ። ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንንም ማዕድ ላይ ታገኚናለሽ፤ እኔንም ጭምር።

አባትሽ ገብረ ኢየሱስ
ጋይንት፣ ቤተ ልሔም
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.